ከችሎት በፊት ያሉት ሳምንታት
(በፍቺ ጊዜ ስላለው የሴቶች መብትና ድጋፍ ለሕዝብ የተሰጠ ትምህርት)



ዛሬ የምናገረው ትዳር ለምን እንደሚፈርስ ወይም ማን እንዳፈረሰው አይደለም። እሱን ለየቤቱ እንተወው። የምናገረው ትዳሩ ሊፈርስ ሲል አንዲት ሴት ምን መብት እንዳላት፣ ያ መብት ከእጇ የሚወጣውም የት ላይ እንደሆነ ነው። የማምንበትን አስቀድሜ ልናገር። በአገራችን የሴቶች የፍቺ መብት በአብዛኛው የሚጠፋው ችሎት ከመድረሳቸው በፊት ባሉት ሳምንታት ነው። በሌሊት ልጆቿን ይዛ ከቤት ስትወጣ፣ ሽማግሌ ፊት ያላነበበችውን ወረቀት ስትፈርም፣ የቤቱ ካርታ የት እንዳለ ሳታውቅ ስትቀር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ «ስሜ የለበትም፤ ስለዚህ ምንም የለኝም» ብላ ስታምን ነው።

ይህ እምነት ከሜዳ የበቀለ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ፣ ሚስትን ደግሞ ለእሱ ታዛዥ ያደረገ ሕግ ነበር። የጋራውን ሀብት የሚያስተዳድረው ባል፣ ፍቺን የሚወስኑት የቤተ ዘመድ ዳኞች ነበሩ። ጥፋተኛ የተባለውም ወገን ከጋራው ሀብት ድርሻው ሊቀነስበት ይችል ነበር። እናቶቻችን ያደጉትና የተዳሩት በዚያ ሕግ ሥር ነው፤ ለልጆቻቸው የነገሩትም የኖሩበትን ነው። የሚያሳዝነው፣ ከዚያ ሕግ ቀድሞ የነበረው የደጋው ልማድ በአንዳንድ ነገር ከሕጉ የተሻለ መሆኑ ነው። በሰማንያ የተጋባች ሴት ስትፋታ ይዛ የመጣችውን ይዛ፣ አብረው ያፈሩትን ተካፍላ ትሄድ ነበር። እቴጌ ጣይቱም ዳግማዊ ምኒልክን ከማግባታቸው በፊት ሌሎች ትዳሮች ነበሯቸው። «ፍቺ የዘመኑ አመጣሽ ነው፣ ከፈረንጅ የተቀዳ ነው» የሚሉ ሰዎች የገዛ አያቶቻቸውን ታሪክ ቢጠይቁ ጥሩ ነው።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ወንድና ሴት ሲጋቡም፣ በትዳር ሲኖሩም፣ ሲፋቱም መብታቸው እኩል መሆኑን ደነገገ። የቤተሰብ ሕጉ ግን ወዲያው አልተለወጠም። እንዲለወጥ በየመድረኩ ከተከራከሩት መካከል ግንባር ቀደሙ የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነበር፤ በዚያ ጊዜ ማኅበሩን ይመሩ የነበሩት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ወጣ። ይህ ሕግ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው። አማራ፣ ኦሮሚያ፣ ትግራይና ሌሎችም ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋል፤ በዝርዝር ነገር ይለያያሉ፣ መሠረቱ ግን ይቀራረባል። እኔ የማወራው በፌዴራሉ ሕግ መሠረት ነው።

ባልና ሚስት ከተጋቡ በኋላ በሥራቸው ያገኙት ገቢ የጋራ ነው። አንዳቸው ከጋብቻ በፊት የነበራቸው ቤት የሚያስገኘው ኪራይ እንኳ የጋራ ነው። ከጋብቻ በፊት የነበረው ንብረት፣ ከጋብቻ በኋላም በውርስ ወይም በስጦታ ለአንዱ የመጣው፣ የግል ነው። የጋራው በፍቺ ጊዜ እኩል ይካፈላል። ከዚህ ሁሉ አንዱን ነጥብ ደግሜ ልናገረው፤ በየቤቱ መድረስ አለበትና። በትዳር ውስጥ ያለ ንብረት በአንዱ ስም ብቻ ተመዝግቦ ቢገኝም፣ የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ እንደሆነ ይገመታል። የማስረዳት ግዴታው ያለው «የግሌ ነው» በሚለው ወገን ላይ ነው። ካርታው፣ ሊብሬው፣ የንግድ ፈቃዱ፣ የባንክ ደብተሩ በባል ስም መሆኑ ብቻውን ሚስትን ባዶ እጇን አያስወጣትም።

ሕጉ ማን ስንት ብር እንዳስገባም አይቆጥርም። ሃያ ዓመት ሙሉ ወር ደመወዝ ያልተቀበለች፣ ቤቷን ስታስተዳድር፣ ልጅ ስታሳድግ፣ የባሏን ዘመድ ስትቀበልና ስትሸኝ የኖረች ሴት ድርሻዋ ግማሽ ነው። «ምን ሠርታ ነው የምትካፈለው?» የሚል ጥያቄ በሰፈርም በሽማግሌ ፊትም ይነሣል፤ ሕጉ ግን መልሱን ከሰጠ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል።

አሁን አንዲት ሴት እናስብ። አግብታ አንድ ልጅ ወልዳ፣ ኑሮ ሲከብድ ወደ ኩዌት ወይም ወደ ጅዳ ሄደች። በሰው ቤት ሠርታ በየወሩ ገንዘብ ላከች። ባሏ በተላከው ገንዘብ ቦታ ገዛ፣ ቤት ሠራ፤ ካርታው በስሙ ወጣ። ከዓመታት በኋላ ስትመለስ ሌላ ሴት ቤቷ ውስጥ አገኘች። ይህን ታሪክ ከእናንተ መካከል ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። ብዙዎቹ ሴቶች «ቤቱ በስሙ ነው» ተብለው አልቅሰው ይመለሳሉ። ቤቱ ግን በትዳር ዘመን የተሠራ ስለሆነ የጋራ ነው፤ ግማሹ የእሷ ነው። ችግሩ የሚመጣው ባል «ቤቱን የሠራሁት ከአባቴ በወረስኩት ነው» ወይም «ወንድሜ አበድሮኝ ነው፣ ዕዳው ይከፈል» ሲል ነው። ያን ጊዜ የላከችበት ወረቀት ዋጋው ብዙ ነው። በባንክ ወይም በሕጋዊ ገንዘብ አስተላላፊ የተላከ ገንዘብ ቀኑንና መጠኑን የሚናገር ማስረጃ ይተዋል፤ በሰው እጅና በጥቁር ገበያ የተላከው ግን ከምስክር ቃል በቀር ምንም የለውም። ዕዳን በተመለከተም፣ የጋራ የሚሆነው ለትዳሩ ጥቅም የተገባ ዕዳ ነው። ከዘመድ ጋር ተስማምቶ ለፍቺው ቀን የተዘጋጀ ዕዳ በማስረጃ ሊሞገት ይችላል፤ መሞገትም አለበት።

በስደት ላሉ እህቶች አንድ ነገር ልጨምር። ከመሄዳቸው በፊት ለባላቸው መሸጥን፣ መለወጥንና ስጦታን ሁሉ የሚያካትት ጠቅላላ ውክልና ሰጥተው የሚሄዱ አሉ። ያ ወረቀት በእጁ እስካለ ድረስ ያለ እነሱ ብዙ ነገር ማድረግ ይችላል። ውክልና ደግሞ ይሻራል። ባሉበት አገር ባለው ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ሽረው፣ ሽረቱን በአገር ቤት ሰነድ አረጋጋጭ መሥሪያ ቤት ማስመዝገብ ይችላሉ። ለፍቺ ጉዳይ ለሚያምኑት ሰው ወይም ለጠበቃ ውክልና ሰጥተው ክሱን ከሩቅ መከታተልም ይቻላል። ከአሠሪ ቤት የማይወጡ፣ ስልካቸው የተያዘባቸው ሴቶች ይህን ማድረግ እንዴት እንደሚከብዳቸው አውቃለሁ። ለዚህ ነው አገር ቤት ያለ ቤተሰብ ሳይጠየቅ መርዳት ያለበት።

ትዳሩ ሊፈርስ ሲል ንብረት መሸጥ ይጀመራል። ሕጉ እዚህ ላይ ጥብቅ ነው፤ የማይንቀሳቀስ የጋራ ንብረት ያለ ሁለቱ ስምምነት አይሸጥም። የሚንቀሳቀሰውም ዋጋው ከ500 ብር ካለፈ ስምምነት ይጠይቃል። በዛሬ ገበያ 500 ብር ምን እንደሚገዛ ታውቃላችሁ፤ ስለዚህ ከአልጋ እስከ መኪና ብቻን መሸጥ አይቻልም ማለት ነው። የሆነ ሆኖ፣ ከቀበሌ «ያላገባ» የሚል ማስረጃ አውጥቶ ቤት የሚሸጥ ሰው አለ። ሚስት ይህን ካወቀች በ6 ወር ውስጥ ውሉ እንዲፈርስ መጠየቅ ትችላለች፤ ዘግይታ ብታውቅም ውሉ ከተደረገ 2 ዓመት ካለፈ በኋላ ግን በሩ ይዘጋል። ከሁሉ የሚሻለው ቀድሞ እግድ መጠየቅ ነው። የፍቺ ማመልከቻ ስታቀርብ ቤቱ እንዳይሸጥ፣ መኪናው ስም እንዳይዛወር፣ የባንኩ ገንዘብ እንዳይወጣ ፍርድ ቤቱ እንዲያግድ ማመልከት ትችላለች። እግድ ለመጠየቅ ግን ምን እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል፦ የትኛው ባንክ፣ የሰሌዳ ቁጥሩ ስንት፣ ዕቁቡ የማን ዘንድ፣ አክሲዮኑ የየትኛው ድርጅት። ቤት ውስጥ ሰላም ባለበት ጊዜ የእነዚህን ወረቀቶች ፎቶ አንስቶ እናት ወይም እህት ዘንድ ማስቀመጥ ባልን መጠራጠር ተደርጎ ሊቆጠር አይገባም። የራሷ ንብረት ወረቀት ነው።

ከቤት መውጣትን በተመለከተ ትንሽ ልቆይ። «ተጣልተሃልና ውጣ» የሚባል ባል በእኛ ዘንድ ብዙም አልተለመደም፤ የምትወጣው ሚስት ናት። ጓዝዋን ሳትይዝ ወደ ወላጆቿ ትሄዳለች፣ ቤቱና ወረቀቱ በሙሉ ከእሱ ጋር ይቀራል። ከወጣች በኋላ ዕቃውን መቁጠርም ማስረዳትም የሷ ጭንቅ ይሆናል። ፍርድ ቤት ግን የፍቺው ክርክር እስኪያልቅ ድረስ ማን ቤቱ ውስጥ እንደሚቆይ የመወሰን ሥልጣን አለው፤ ሲወስንም የልጆቹን ጥቅምና በመውጣቱ ይበልጥ የሚጎዳውን ወገን ሁኔታ እንዲያይ ሕጉ ያዛል። የልጆቹም የሚስትም ቀለብ በዚያው ጊዜ እንዲቆረጥ ማዘዝ ይችላል። ይህ ትእዛዝ ፍቺው ሳይወሰን የሚሰጥ ነው፤ መጨረሻውን መጠበቅ አያስፈልግም። የምትደበደብ ሴት ግን ይህን ሁሉ አስልታ ቤት ትቆይ የምል እንዳይመስላችሁ። እሷ ነፍሷን ታድን፤ ንብረቱን ሕጉ ይደርስበታል።

ስለ ሽማግሌዎች የምናገረው በአክብሮት ነው። ያስታረቋቸው ብዙ ቤቶች ቆመዋል። ሕጉም ቢሆን ለማስታረቅ ቦታ ሰጥቷቸዋል፤ ዳኛውም እስከ 3 ወር የሚደርስ ማሰቢያ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል። ነገር ግን ከ1992 ዓ.ም. ወዲህ ፍቺ የመወሰን ሥልጣን የፍርድ ቤት ብቻ ነው። ሽማግሌ ያስታርቃል እንጂ አያፋታም፤ ንብረት አካፍሎም ሴቲቱን ከፍርድ ቤት በር ሊያግዳት አይችልም። የማየው ችግር እንዲህ ያለ ነው፤ በአንድ ምሽት ሁለት ሦስት ሽማግሌ፣ ከባል ወገን የሚበዙ፣ ይቀመጣሉ። «ልጆችሽን ውሰጂ፣ ቤቱን ተይለት፣ ትንሽ ገንዘብ ይስጥሽ» ይሏታል። ስምምነት ይጻፋል፣ ትፈርማለች። በማግሥቱ ያ ወረቀት በጋራ ስምምነት የተደረገ ፍቺ ተብሎ ለፍርድ ቤት ይቀርባል። ዳኛው ስምምነቱ ከነፃ ፈቃድ የመነጨ መሆኑን የመመርመር ግዴታ አለበት፤ ግን ፊቱ የቆመችው ሴት «አዎ፣ ተስማምቻለሁ» ካለች ምን ያያል? ስለዚህ ልመናዬ ለሽማግሌዎቻችን ነው። አታስፈርሟት በዚያው ሌሊት። ወረቀቱን ወስዳ የሚያውቅ ሰው ታሳይ፤ ሳምንት ቢዘገይ የሚጎዳ የለም። ድብደባ ያለበትን ቤት ደግሞ ለእርቅ አትቀመጡበት። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ የትዳር ጓደኛን መደብደብን ወንጀል አድርጎታል፤ «የቤት ገመና ነው» የሚባለው ነገር ሴቶችን ለሞት ሲዳርግ አይተናል።

ለተደበደበች ሴት ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል የሚሰጣት የሕክምና ማስረጃ በኋላ በወንጀሉም በፍቺውም ክርክር ይጠቅማታል፤ ፍርድ ቤቱም ለፍቺው ምክንያት የሆነውን ወገን፣ ፍትሕ የሚያስገድድ ሲሆን፣ ለተጎዳው ካሣ እንዲከፍል ሊያዝ ይችላል። መጠለያ ለሚያስፈልጋት የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር በአዲስ አበባና በአዳማ ማረፊያ አለው። ቦታው ግን ከሚያስፈልጋቸው ሴቶች ጋር ሲተያይ በጣም ጥቂት ነው። በየከተማው አንድ መጠለያ ሳይኖር «ለምን ትታው አትወጣም?» ብለን ሴቲቱን መጠየቅ አይገባንም።

ልጆቹን ማን ያሳድግ የሚለውን ፍርድ ቤት የሚወስነው የሁለቱን ገቢ፣ ጤና፣ አኗኗር፣ የልጆቹንም ዕድሜና ጥቅም አይቶ ነው። ገቢ አንዱ መመዘኛ ብቻ ነው፤ «ደመወዝ የለሽምና ልጆችሽን ትነጠቂያለሽ» የሚለው ማስፈራሪያ በሕጉ አልተጻፈም። ሌላው ወገን ቀለብ ይቆርጣል። ባል ደመወዝተኛ ከሆነ መሥሪያ ቤቱ እየቆረጠ እንዲከፍል ይታዘዛል፤ ነጋዴ ወይም ሹፌር ሲሆን ግን አፈጻጸሙ ያደክማል፣ እናትም ልጅ አዝላ ቀጠሮ ትመላለሳለች። እዚህ ላይ ሳታውቁት እንዳይጎዳችሁ፦ ሕጉ በ3 ወር ውስጥ ያልተጠየቀ ውዝፍ ቀለብ፣ ለመኖር የግድ አስፈላጊ መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር፣ እንዳይጠየቅ ያደርጋል። «ይከፍላል፣ ትንሽ ልታገሠው» ብላ ዓመት የጠበቀች እናት የዓመቱን ልታጣ ትችላለች። የልጁ ፍላጎት ሲያድግ ወይም ኑሮ ሲወደድም መጠኑ እንዲሻሻል ማመልከት ይቻላል።

ለቀድሞ ሚስት ከፍቺ በኋላ በየወሩ የሚከፈል ቀለብ ግን በሕጋችን የለም። ባሏ ሲማርና ሲያድግ ትምህርቷን አቋርጣ ቤት የጠበቀች፣ በሃምሳ ዓመቷ ተፋትታ ሥራ የምትፈልግ ሴት የጋራ ንብረት ከሌላቸው የምትካፈለው የለም። ይህ የሕጉ ትልቅ ጉድለት ይመስለኛል። ሕግ አውጪዎቻችን ቢያንስ ለተወሰነ ጊዜ፣ ራሷን እስክትችል ድረስ የሚከፈል ድጋፍ እንዲኖር ሊያስቡበት ይገባል።

የጋብቻ ወረቀት የሌላቸው ሴቶች ብዙ ናቸው። በሃይማኖትም በባህልም የተፈጸመ ጋብቻ ጋብቻ ነው፤ ወረቀቱ ከሌለ እንደ ባልና ሚስት መኖራቸውን በ4 ምስክሮች ማስረዳት ይቻላል። ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት አብረው የኖሩም ቢያንስ 3 ዓመት ከቆዩ በዚያ ጊዜ ያፈሩት የጋራ ይሆናል። በተቃራኒው፣ ባሏ ጥሏት ከሄደ ዓመታት ያለፉት ሴት «ሕጋዊ ሚስቱ እኔ ነኝ» ብላ ተዘናግታ መቀመጥ የለባትም። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ተለያይተው ለረጅም ጊዜ የየራሳቸውን ኑሮ የመሠረቱ ሰዎች ያለ ፍቺ ውሳኔም ትዳራቸው እንደፈረሰ ሊቆጠር እንደሚችል ወስኗል፤ የሰበር ትርጉም ደግሞ የበታች ፍርድ ቤቶችን ሁሉ ያስገድዳል። ሙስሊም እህቶቻችንም ይህን ይወቁ፤ ጉዳያቸው በሸሪዓ ፍርድ ቤት የሚታየው ሁለቱም ወገኖች ሲፈቅዱ ነው። የማትፈልግ ከሆነ መጥሪያ ሲደርሳት ቀርባ አለመፍቀዷን ትናገር፤ ዝም ብላ መቅረቷ እንደ ፈቃድ ሊወሰድ ይችላልና።

«ጠበቃ የምቀጥርበት የለኝም» ለምትል ሴት ክሱን በደሃ ደንብ፣ የዳኝነት ክፍያ ሳትከፍል እንድታቀርብ የሥነ ሥርዓት ሕጉ ይፈቅዳል፤ ከቀበሌ አቅም እንደሌላት የሚገልጽ ማስረጃ ይጠየቃል። ስሙን ቀደም ብዬ ያነሣሁት የሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነፃ የሕግ ምክር ይሰጣል። የአዲስ አበባ፣ የሐዋሳ፣ የጅማና የሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሏቸው። የወረዳው የሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤትም የት እንደምትሄድ ሊያመለክታት ይገባል። ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎች ዘንድ የምትሄድ ከሆነ ደግሞ የተጻፈው ይነበብላት፤ ያልጠየቀችው ነገር አይፈረድላትምና የንብረት ክፍፍሉን፣ ቀለቡንና እግዱን መጠየቋን ታረጋግጥ።

ፍቺው ከተወሰነ በኋላ በወሳኝ ኩነት ታስመዘግባለች። እንደገና ለማግባት ብትፈልግ ሕጉ 180 ቀን እንድትቆይ ይጠይቃል፤ ነፍሰ ጡር አለመሆኗ በሕክምና ከተረጋገጠ ግን መጠበቅ የለባትም። ሌላም ማንም የማያነሣው ጉዳይ አለ፤ ዕድር። በብዙ ሰፈር ዕድሩ የተመዘገበው በአባወራው ስም ነው። ለዓመታት እንጀራ የጋገረች፣ ለቅሶ ቤት ያደረች፣ መዋጮውን ራሷ ይዛ የሄደች ሴት በተፋታች ማግሥት ከመዝገብ ትወጣለች፤ እንደ አዲስ ልግባ ብትል የመግቢያውን ትጠየቃለች። ይህን ለማስተካከል አዋጅ አያስፈልግም። እዚህ የተቀመጣችሁ የዕድር ዳኞችና ጸሐፊዎች በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ መተዳደሪያ ደንባችሁን አውጥታችሁ፣ ባልና ሚስት ሁለቱም በስማቸው እንዲመዘገቡ፣ ሲፋቱም ሁለቱም ያለ አዲስ መግቢያ አባልነታቸውን ይዘው እንዲቀጥሉ አንድ አንቀጽ ጨምሩበት።